አዋሳኝ ሳይጠራ ወሰን አይለካ፦ ስለ ሌዘር ጨረር መከታተያ ፓተንቶች

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቅርቡ በጋዜጣችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ፣ የብረት ዱቄት በሌዘር እያቀለጡ ዕቃ በሚሠሩ ማሽኖች ውስጥ የጨረሩን ሁኔታ የሚከታተል መሣሪያ በአውሮፓ «ፓተንት አገኘ»፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተሰጠው የሚል አጭር ዜና አንብቤአለሁ። እንዲህ ያለ ጉዳይ በአማርኛ ጋዜጣ መውጣቱ በራሱ ደስ ያሰኘኛል። ይሁን እንጂ በዜናው የተጠቀሰው የሰነድ ቁጥር የሚያበቃው «ኤ1» በሚለው ምልክት ነው፤ ይህ ደግሞ ማመልከቻው ለሕዝብ ይፋ ሆነ ማለት እንጂ ፓተንት ተሰጠ ማለት አይደለም። በአውሮፓ አሠራር አንድ ማመልከቻ ቀዳሚነት ከያዘበት፣ ማለትም ፈጠራው ለመጀመሪያ ጊዜ ከተመለከተበት ቀን አንሥቶ 18 ወር ሲሞላው ይታተማል፤ በዚያን ጊዜ ዋናው ምርመራ ብዙውን ጊዜ ገና አልተጀመረም። ተመርምሮ የጸደቀው ሰነድ «ቢ1» የሚል ምልክት ይዞ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከልም ብዙ ጊዜ የዓመታት ክርክር፣ የተቆረጠ ዐረፍተ ነገርና የጠበበ የመብት ወሰን አለ። ይህን የምጽፈው የጋዜጣውን ስሕተት ለመልቀም አይደለም፤ ይኸው ኤንና ቢን ያለመለየት ስሕተት እኔንም አብሮኝ ይሠራ የነበረውንም ወጣት እዚህ ኮምቦልቻ ውስጥ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ስላስከፈለን ነው።

መጀመሪያ ስለ ማሽኑ ጥቂት ልበል። በተለምዶ ስሪዲ ህትመት ከምንላቸው ዘዴዎች መካከል ለብረት በሰፊው የሚሠራበት፣ ቅንጣቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 45 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው) የሚሆን የብረት ዱቄት ከራስ ፀጉር በቀጠነ ንጣፍ እየተነሰነሰ፣ ሌዘር እንደ ሥዕሉ ቅርጽ እየዞረ የሚያቀልጥበት ነው። ንጣፉ 50 ማይክሮን ነው ብንል፣ 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ዕቃ 2,000 ጊዜ ተነስንሶ 2,000 ጊዜ መቅለጥ አለበት። ጨረሩ የሚያርፍበት ነጥብ ስፋቱ ከ50 እስከ 100 ማይክሮን ቢሆን ነው። ነጥቡ ሲሰፋ ኃይሉ ይበተንና ዱቄቱ ሳይቀልጥ በንጣፎቹ መካከል ክፍተት ይቀራል፤ ከሚገባው በላይ ሲጠብ ደግሞ ብረቱ ይፈላና በውስጡ የጋዝ ቀዳዳ ያስቀራል። ከላይ ለሚያየው ሰው ዕቃው ያው ያማረ ዕቃ ነው። ጉድለቱ የሚታወቀው በኤክስሬይ ሲታይ ነው፤ አለዚያም ሥራ ላይ እያለ ሲሰበር ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ለአውሮፕላን ክፍሎችና ለሰው የዳሌ መገጣጠሚያ ጭምር ስለሚውል፣ ጨረሩ በእያንዳንዷ ንጣፍ ላይ ልኩን ጠብቆ መሥራቱን ማወቅ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው።

እኔ በእጄ የማውቀው ላሜራ የሚቆርጠውን የፋይበር ሌዘር ነው፤ ሆኖም የሁለቱ ማሽኖች ጨረር ዘመዳሞች ናቸው፤ የሞገድ ርዝመታቸው አብዛኛውን ጊዜ በ1,070 ናኖሜትር አካባቢ ነው፤ የሚታመሙትም ሕመም ይመሳሰላል። በምሠራበት ወርክሾፕ ባለ ሦስት ሚሊ ሜትር ላሜራ ስንቆርጥ ጠዋት ጠርዙ እንደ ምላጭ ንጹሕ ይወጣና፣ ወደ ስድስት ሰዓት ገደማ ከሥሩ ጢም፣ ማለትም ቀልጦ የረጋ የብረት ትርፍ፣ ማብቀል ይጀምር ነበር። ኃይሉን ጨመርን፣ ፍጥነቱን ቀነስን፣ የጋዙን ግፊት ለዋወጥን፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። በመጨረሻ ከሌንሱ በታች ያለውን መከላከያ መስታወት ፈትተን ወደ መስኮቱ ብርሃን ስናነሣው፣ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ነጥብ አየን። ያቺ ነጥብ ጨረሩን እየመጠጠች መስታወቱን ታሞቀዋለች፤ የሞቀ መስታወት ደግሞ ብርሃንን የሚያጥፍበት ልክ ይለወጣል፤ ስለዚህ ጨረሩ የሚሰበሰብበት ቦታ ከላሜራው ይሸሻል። ጠዋት መስታወቱ ገና ስላልሞቀ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ወጣቱ ባልደረባዬ መስታወቱን በያዘው ቀለበት ላይ አንድ ትንሽ የሙቀት ዳሳሽ አስሮ፣ ሙቀቱ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ቀይ መብራት የምትበራበትን ነገር ሠራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጢም ያበቀለ ላሜራ አልጣልንም ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩን ለአነስተኛ ፈጠራ ወደሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ምዝገባ ልንወስደው ስናስብ፣ ያማከርነው ሰው ከኢንተርኔት ያወጣውን አንድ ወረቀት አሳየንና «ይህ አውሮፓ ውስጥ ፓተንት ተሰጥቶበታል፣ አትልፉ» አለን። ተውነው። ወጣቱም ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሥራ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ዓመት ከመንፈቅ ቆይቼ ያንኑ ወረቀት በትዕግሥት ሳነበው በመጀመሪያ ያየሁት ያንን «ኤ1» የሚል ምልክት ነበር። ማመልከቻው በምርመራው ጊዜ ቀድሞ የታተሙ ሰነዶች ቀርበውበት የመብት ወሰኑ በእጅጉ ጠብቦ ነበር፤ የመስታወቱን ሙቀት መለካት ግን ከመጀመሪያውም አይነካም ነበር። ቀጥዬ የማሽኑን የመቁረጫ ጭንቅላት መመሪያ ስገልጥ፣ አምራቹ ከፍ ባለው ሞዴሉ ላይ በመከላከያው መስታወት ዙሪያ የሙቀት ዳሳሽ ከብዙ ዓመት በፊት ማስገባቱን በሥዕል አሳይቶ አገኘሁት። ስለዚህ የእኛ ነገር አዲስ አልነበረም፤ ይህንንም ሳልሸሽግ እመሰክራለሁ። ነገር ግን ትክክለኛው መልስ የመጣው አማካሪው ካሳየን ወረቀት አይደለም፤ ዘይት ከነካካው የወርክሾፕ መመሪያ ነው። ፓተንት መርማሪ ሊያገኘው የሚገባው፣ ሳያገኘው ሊቀር የሚችለውም እንዲህ ያለው ማስረጃ ነው።

በዚህ መስክ ምርመራ ለምን ከባድ እንደሚሆን አንድ ምሳሌ ላንሣ። ምሳሌው የራሴ ነው፤ የማንንም ማመልከቻ አይመለከትም። አንድ አመልካች «በመደራረብ በሚያመርት ማሽን ውስጥ የሌዘሩን ጨረር የሚለካ፣ ልኬቱን ከተቀመጠለት መጠን ጋር የሚያነጻጽርና ልዩነት ሲያገኝ ለሠራተኛው የሚያስታውቅ መሣሪያ የእኔ ነው» ብሎ ወሰን ከለለ እንበል። መርማሪው በመጀመሪያ የሚፈልገው፣ ይህ ሁሉ ነገር በአንድ ቀደምት ሰነድ ውስጥ ተሰብስቦ ይገኝ እንደሆነ ነው። በአውሮፓ የፍለጋ ሪፖርት ብቻውን ማመልከቻውን የሚጥል ሰነድ «ኤክስ»፣ ከሌላ ጋር ሲጣመር የሚጥል «ዋይ» የሚል ምልክት ይደረግበታል፤ መነሻ ዕውቀት ብቻ የሆነው «ኤ» ይባላል፤ ይህ ኤ ከላይ ካነሣሁት ከሰነዱ ቁጥር ኤ ጋር አንድ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። ጨረር መለካት በራሱ አሮጌ ሥራ ነው። የጨረር ስፋትና ጥራት እንዴት እንደሚለካ የሚደነግገው አይኤስኦ 11146 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ በብየዳና በመቁረጥ ሥራ ላይ ግን ከዚያም በፊት ጨረር ይለካ ነበር። ዱቄትን በሌዘር እያጋገሩ ዕቃ መሥራትም ቢሆን ካርል ዴካርድ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1986 አመልክቶ በ1989 ፓተንት ያገኘበት ነው፤ ብረቱን ሙሉ በሙሉ የሚያቀልጠው ዘዴም በጀርመን አገር በአኸን ከተማ ከሚገኘው የፍራውንሆፈር የሌዘር ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1996 ማመልከቻ የቀረበበት ነው። የሁለቱም ዘመን አልፎ ዛሬ ለሁሉም ክፍት ናቸው። በቤልጂየም የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት ጀምሮ ካሜራና የብርሃን ዳሳሽ ከጨረሩ ጋር በአንድ መስመር አስቀምጠው የቀለጠውን ብረት እየተከታተሉ ሌዘሩን ሲያርሙ ነበር።

ታዲያ ለአመልካቹ ምን ይቀረዋል? የሚቀረው ነገር አለ፤ መርማሪው ነገሩን ጠንቅቆ ማወቅ ያለበትም እዚህ ላይ ነው። የቀለጠውን ብረት መከታተልና ጨረሩን ራሱን መለካት የተለያዩ ናቸው፤ ወጥ የምትሠራ ሴት የድስቱን መፍላት ማየቷና የእሳቱን ልክ ማወቋ የተለያዩ እንደሆኑ ሁሉ። ድስቱ ቢገነፍል ጥፋቱ የእሳቱ ይሁን የክዳኑ ከመፍላቱ ብቻ አይታወቅም። በማተሚያው ማሽን ጨረሩ እየተወረወረ በመስተዋት ይመራል፤ ክፍሉ በአርጎን ወይም በናይትሮጅን የተሞላና የተዘጋ ነው፤ የሚበር ዱቄትና ጭስ አለ፤ ለብየዳ የተሠራ በውኃ የሚቀዘቅዝ ትልቅ መለኪያ እዚያ ውስጥ አይገባም። ጨረሩ በጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ከሞለኪውሎቹ ጋር እየተጋጨ እጅግ ጥቂት ብርሃን ወደ ጎን ይበተናል፤ የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ሬይሊ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያብራራው፣ መስከረም ሲጠባ በቦርከና ሜዳ ላይ የምናየውን ሰማይ ሰማያዊ የሚያደርገው ይኸው መበተን ነው። ያን ብርሃን በካሜራ ከጎን በማየት ጨረሩን ሳይነኩ የት እንደሚሰበሰብ መለካት ይቻላል፤ በዚህ መርህ የሚሠሩ መለኪያዎችም በገበያ ላይ አሉ። የተፈጥሮው ሕግ የማንም ንብረት አይሆንም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ይህን ዘዴ ለተዘጋውና ለጠባቡ ክፍል እንዲሆን አድርጎ፣ ያለ ውኃ ቱቦ፣ ዱቄቱ በተነጠፈበት ከፍታ ላይ እንዲለካ ካደረገው፣ ይህ ለሙያተኛ ሁሉ በቀላሉ የሚታይ ነገር ነው ወይስ አይደለም የሚለው እውነተኛ ክርክር ነው። ለእኔ ፈጠራዊ ብቃት የሚፈተነው «መለካትና ማስታወቅ» በሚሉት ሰፋፊ ቃላት ላይ አይደለም፤ በእነዚህ ዝርዝሮች ላይ ነው።

አንድ ሌላ ቃል ደግሞ ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል፤ «በቅጽበት» የሚለው። ማመልከቻዎቹ «ጨረሩን በቅጽበት የሚከታተል» ይላሉ። ጨረሩ በሰከንድ አንድ ሜትር ቢሄድ፣ በሰከንድ 1,000 ጊዜ የሚለካ ዳሳሽ በእያንዳንዱ ልኬት መካከል አንድ ሚሊ ሜትር ያልፈዋል፤ ይህ የነጥቡን ስፋት አሥር እጥፍ ያህላል። እያንዳንዷን ነጥብ ለመያዝ ቢያንስ በሰከንድ 10,000 ጊዜ መለካት አለበት። በሰነዱ ውስጥ ይህን የሚችል መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ካልተገለጸ፣ አመልካቹ ያልሠራውን ነገር አጥሮ ሊይዝ ነው ማለት ነው። ስሌቱ ከአራተኛ ክፍል ሒሳብ አያልፍም፤ ጥያቄው ግን ማሽን አጠገብ ቆሞ ለማያውቅ ሰው በቀላሉ አይመጣለትም።

እዚህ ላይ ከአገራችን አንድ ልማድ ላንሣ። በካሉ ወረዳ የቤተሰቦቼ ማሳ ለመሬት ደብተር ሲለካ ቆሜ አይቻለሁ። ከቀበሌው ሕዝብ የተመረጡት የኮሚቴ አባላት መጡ፤ ነገር ግን በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ያሉት አዋሳኞች ሳይቆሙ ማንም ሜትር አልዘረጋም። አንድ አዛውንት ጎረቤት በትራቸውን ከአንዲት የዱሮ የግራር ጉቶ አጠገብ ተክለው «ወሰኑ ከዚህ ነው፤ አባትህም ያውቅ ነበር» አሉ፤ ለኪው በወረቀቱ የያዘው መስመርም ሁለት እርምጃ ያህል ወደ እኛ ተመለሰ። አባቴም አልተቀየሙም፤ እውነቱ እሱ ነበርና። በኋላም ውጤቱ ቅሬታ ያለው ሰው እንዲያቀርብ በይፋ ተለጠፈ። ፓተንትም በሐሳብ ላይ የሚለካ ወሰን ነው፤ መርማሪው ለኪ ቢሆን፣ ጉቶው የት እንዳለ የሚያውቀው አዋሳኙ፣ ማለትም በዚያው ሙያ የሚሠራው ሰው ነው።

የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ ይህን በር ከፍቶታል። ማመልከቻው ከታተመ በኋላ ማንኛውም ሰው፣ የየትም አገር ዜጋ ይሁን፣ ያለ ምንም ክፍያ «ይህ ነገር ቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ ማስረጃው ይኸው» ብሎ ምክንያቱን ጽፎ መላክ ይችላል፤ መርማሪውም ይመለከተዋል። ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላም ለዘጠኝ ወራት ክፍያ ከፍሎ መቃወም ይቻላል። ሰነዶቹ ኤስፓስኔት በሚባለው የቢሮው ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ፤ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሰነዶች የተሰበሰቡበት ነው። ይህን ለማንበብ ኮምቦልቻ መሆን አያግድም።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ፓተንት በተሰጠበት አገር ብቻ እንደሚሠራ እውነት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያልተሰጠ ፓተንት እዚህ በወርክሾፔ ውስጥ አይከለክለኝም። ሆኖም በተጠበቀ ዘዴ የተመረተ ዕቃ ዘዴው ወደ ተጠበቀበት የአውሮፓ አገር ሲገባ ችግር ስለሚገጥመው፣ ወደ ውጭ ለሚልክ አምራች ጉዳዩ አያልቅም። ከዚህ የሚበልጠው ግን የራሳችን ሕግ ነው። የፈጠራ፣ የአነስተኛ ፈጠራና የኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለፈጠራ ፓተንት 15 ዓመት፣ ሥራ ላይ ከዋለ ተጨማሪ አምስት ዓመት ይሰጣል፤ ከዚህ ሌላ የአስገቢ ፓተንት የሚባል አለው። ይህ በውጭ አገር ፓተንት የተሰጠውን፣ ዘመኑ ያላለፈውንና እዚህ ያልተመዘገበውን ፈጠራ ወደ አገር ለሚያስገባ ሰው እስከ አሥር ዓመት ድረስ የሚሰጥ መብት ነው። ዓላማው ቴክኖሎጂ እንዲገባ ማበረታታት በመሆኑ እደግፈዋለሁ። ነገር ግን አንድ ሰው «ኤ1» የሚል ወረቀት ይዞ ቀርቦ «ይህ በአውሮፓ ፓተንት የተሰጠው ነው» ቢልና ምልክቱን የሚያነብ ቢጠፋ፣ በአውሮፓ ውድቅ የተደረገ ወይም የተቆራረጠ ወሰን እዚህ በሙሉ ስፋቱ ሊታጠር ይችላል። ያኔ አውሮፓ ውስጥ ማንም በነጻ የሚሠራበትን ነገር የወሎ ወርክሾፕ ፈቃድ እየለመነ ሊሠራበት ነው። አዋጁ የኮምፒውተር ፕሮግራምንና የሒሳብ ዘዴን ከፓተንት ውጭ ማድረጉም መዘንጋት የለበትም፤ ብዙ የጨረር መከታተያ ማመልከቻዎች መሣሪያውን ጥቂት፣ የቁጥር ማነጻጸሪያውን ብዙ አድርገው ስለሚጽፉ፣ መሣሪያው የት አልቆ ፕሮግራሙ የት እንደሚጀምር መለየት ያስፈልጋል።

ስለዚህ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንን የምጠይቀው ይህንን ነው። በሌዘርና በመሰል ቴክኖሎጂዎች ላይ ማመልከቻ ሲቀርብና ይፋ የሚሆንበት ጊዜ ሲደርስ፣ የመብት ወሰኑ ብቻ በአጭር አማርኛ ተጽፎ ለቴክኖሎጂ ተቋማት፣ ለምሳሌ በወሎ ዩኒቨርሲቲ ለኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም ማሽኖቹ ላሉባቸው ወርክሾፖች ይላክ፤ ሁለት ወርም ለአስተያየት ይሰጥ። የአስገቢ ፓተንት የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ከማመልከቻው ጋር በውጭ አገር የጸደቀውን የመጨረሻ ሰነድ እንዲያያይዝ ይደረግ፤ እዚህ የሚሰጠው ወሰንም ከዚያ አይስፋ።

ይህ ሐሳብ ባለፈጠራውን ያጋልጠዋል ብለው የሚሠጉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ሥጋታቸውንም አልንቀውም። ነገር ግን ባለፈጠራውን የሚጠብቀው ማመልከቻው የቀረበበት ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያየው ሰው ቀድሞኝ ነበር ሊል አይችልም። ተፎካካሪ በከንቱ እንዳያሰናክለውም፣ አስተያየት ሰጪ ሁሉ ቀን ያለበት ማስረጃ፣ የታተመ ጽሑፍ፣ የማሽን መመሪያ ወይም የሽያጭ ሰነድ እንዲያቀርብ ማስገደድ ይቻላል፤ ያለ ማስረጃ የቀረበ ተቃውሞ ከመዝገብ አይገባም። በአንጻሩ የእውነት አዲስ ነገር የሠራ ሰው በአዋሳኝ ፊት ተለክቶ የተሰጠው ወሰን በኋላ በፍርድ ቤት በቀላሉ አይነቀልበትም።

ለጋዜጣውም አንድ ልመና አለኝ፤ ስለ ፓተንት ዜና ስታወጡ ከሰነዱ ቁጥር መጨረሻ ያለችውን ፊደል ተመልከቱና፣ ኤ ከሆነች «ማመልከቻ ቀረበ» በሉ፣ ቢ ከሆነች «ተሰጠ» በሉ። አብሮኝ ይሠራ የነበረውን ወጣት ባለፈው ወር በስልክ አግኝቼው የመመሪያውን ገጽ ፎቶ ልኬለት ነበር፤ «ይህን ያኔ ብናየው ሌላ ነገር በሠራን» ብሎ፣ አሁን መስታወቱን ሳይፈቱ ያቺን ጥቁር ነጥብ ከጎን በብርሃን ማየት ስለሚቻልበት መንገድ ይነግረኝ ጀመር። ሐሳቡ አዲስ ይሁን አይሁን ገና እየፈለግን ነው። የመመሪያው ገጽ ግን መደርደሪያዬ ላይ አለ፤ የሚያስፈልገው መርማሪ ካለ በጠየቀ በማግሥቱ እልክለታለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሌዘር መቁረጫ ማሽን ባለሙያ
ከኮምቦልቻ፣ ደቡብ ወሎ